የሼህ ሀሰኖ መጻሕፍት

«ሰኔ ላይ ይመለሱ በያቸው» አሉኝ አቶ ግዛቸው፣ ከመዝገባቸው ቀና ሳይሉ።

ፊታችን የቆሙት አሮጊት፣ አዴ ጠይባ፣ አማርኛ ስለማይሰሙ አፌን አፌን ያያሉ። ከዴራ በእህል መኪና ተጭነው መምጣታቸውን የሻሻቸው አቧራ ይናገራል። ባላቸው ሼህ ሀሰኖ ሲሞቱ፣ ኪታቦቻቸው ሰው በሚያነብበት ቦታ እንዲቀመጡ ተናዘው ነበር። አዴ ጠይባም አምና ሠላሳ አንዱንም መጽሐፍ አምጥተው፣ አሰላ ላይ ለተከፈተው ትልቅ ቤተ መጻሕፍት አስረከቡ። የት እንደተቀመጡ ለማየት ሲመጡ ይህ ሦስተኛ ጊዜያቸው ነው።

ለእኔ ግን የመጀመሪያ ቀኔ ነበር። ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ በተለማማጅነት የገባሁት የዚያኑ ዕለት ጠዋት ነው፤ ጥር 1952። አራት ሺህ መጽሐፍ በአንድ ጣሪያ ሥር አይቼ ስለማላውቅ ድምፄ ሁሉ ቀጥኖ ነበር። አቶ ግዛቸው ቤተ መጻሕፍቱን እንዲመሩ ከጎጃም ተሹመው የመጡ፣ ሥርዓት የሚወዱ ሰው ናቸው። ቦታው ለወንድ ታስቦ እንደነበር፣ አንድ ሳምንት አይተውኝ እንደሚወስኑ በር ላይ ነገሩኝ። እስከ ምሳ ሰዓት አቧራ ሳራግፍ ዋልኩ። ከዚያ ኦሮምኛ ስለምችል ለማስተርጎም ጠሩኝ።

መጻሕፍቱ የት እንዳሉ አቶ ግዛቸውን ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቅኳቸው። ዕቃ ቤት፣ በሁለት ሣጥን ውስጥ ናቸው፤ ዐረብኛ የሚያነብ ሰው ስለሌለ አልተመዘገቡም። ይህን ግን ለሴትዮዋ እንዳልነግራቸው አስጠነቀቁኝ።

አባቴ ጠዋት ሲሸኘኝ፣ ያዘዙሽን ሁሉ እሺ በይ ብሎኛል። እኔም «ሰኔ ላይ» ልል አፌን ከፈትኩ። አዴ ጠይባ ወደ እኔ ጠጋ አሉ። ፊቴን ከእሳቸው መለስኩ።

«አቶ ግዛቸው፣ እኔ አነበዋለሁ» አልኩ።

ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ምኑን?»

«ዐረብኛውን። ሰባት ዓመት ቁርአን ቤት ተምሬያለሁ። ሁሉንም ቃል አላውቀውም፤ ርዕሱንና የጻፈውን ሰው ስም ግን አልስተውም።»

አቶ ግዛቸው ከኪሳቸው የዕቃ ቤቱን ቁልፍ አወጡ።

ሣጥኖቹን እየጎተትን አመጣናቸው። የመጀመሪያውን መጽሐፍ አንስቼ ከቀኝ በኩል ስከፍተው የቤተ መጻሕፍቱ ማኅተም የለም። ገልብጬ ሳየው መጨረሻው ገጽ ላይ ተመትቷል። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንደዚያው። ልናገር ወይስ ዝም ልበል ብዬ ጥቂት አመነታሁና ነገርኳቸው። አቶ ግዛቸው ጆሯቸው ቀላ፤ የመጀመሪያው ገጽ መስሏቸው በገዛ እጃቸው የመቱት ነው። ከዚያ ግን ሳቁ፣ ወንበርም ሳቡልኝ።

እኔ እያነበብኩ፣ እሳቸው እየጻፉ፣ አዴ ጠይባ መጻሕፍቱን በሻሻቸው ጫፍ እየጠረጉ ሠላሳውን ጨረስን። አንድም ቦታ አልተሰናከልኩም። ጋዜጣ ሊያነቡ የመጡ ሁለት አስተማሪዎች ወንበራቸውን ትተው አጠገባችን ቆመዋል።

ሠላሳ አንደኛው በእጅ የተጻፈ ወፍራም ደብተር ነበር። የመጀመሪያውን መስመር ድምፄን አውጥቼ አነበብኩት፤ ትርጉም አልሰጠኝም። ደግሜ ሞከርኩ። ያኔ ገባኝ። ፊደሉ ዐረብኛ ነው እንጂ ቃሉ የቤታችን ነው፤ ኦሮምኛ ነው። ሼህ ሀሰኖ የየዓመቱን ዝናብ፣ የከብቱን በሽታ፣ የተወለደና የሞተውን ሰው ሁሉ በራሳቸው ቋንቋ ጽፈው ኖረዋል።

ወደ አዴ ጠይባ ዞሬ ማንበቤን ቀጠልኩ። «በዚህ ዓመት ዝናቡ ቀረ። ጠይባ ወደ ጢቾ ወጥታ ከወንድሞቿ ገብስ አመጣች። ለጎረቤትም ተረፈ። እሷ ባትኖር ይህን ዓመት አልጽፈውም ነበር።»

አዴ ጠይባ አላለቀሱም። ቀና ብለው ቆሙ። አርባ ዓመት አብረው ሲኖሩ፣ ባላቸው ማታ ማታ የሚጽፉት የአላህን ነገር ብቻ ይመስላቸው እንደነበር ነገሩኝ። «ድገሚልኝ፣ ልጄ» አሉ። ደገምኩላቸው። ከዚያ ለአቶ ግዛቸውና ለአስተማሪዎቹ በአማርኛ አልኩት። ከአስተማሪዎቹ አንዱ ባርኔጣውን አወለቀ።

አቶ ግዛቸው ብዕራቸውን ቀለም ነክረው፣ ቋንቋ የሚለው ዓምድ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ከላይ እስከ ታች አማርኛ፣ ግዕዝ፣ እንግሊዝኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ አሁን ደግሞ ዐረብኛ ተጽፎበታል። ይህኛው የለም። ኦሮምኛን በመንግሥት መዝገብ ማስገባት የሚያስጠይቅ ነገር እንዳይሆን የፈሩ መሰለኝ። ወደ አዴ ጠይባ ተመለከቱ፣ ወደ ደብተሩ ተመለከቱ፤ ከዚያ መዝገቡን ወደ እኔ አዙረው ብዕሩን ሰጡኝ።

«አንቺ ጻፊው፣ ሰኪና» አሉ። «የነገውንም አንቺ ነሽ የምትጽፊው። ሳምንት መጠበቅ አያስፈልግም።»

ጻፍኩት። ጸሐፊ፦ ሼህ ሀሰኖ ቱፋ፣ ዘዴራ። ቋንቋ፦ ኦሮምኛ።

አዴ ጠይባ የባላቸው ስም የቱ ጋ እንደሆነ ጠየቁኝ። አሳየኋቸው። ቀለሙ ገና ሳይደርቅ ጣታቸውን አሳረፉበት፤ ሲያነሱት ጫፉ ሰማያዊ ሆኗል። ጣታቸውን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርገው አዩትና፣ ሳይጠርጉት መዳፋቸውን ጨበጡ።