የእርቅ አደን

ሽማግሌዎቹ ደሙን ሲያደርቁ አንድ ነገር አዘዙ፤ የገዳይ ወንድምና የሟች ወንድም አብረው ያድኑ፣ ሥጋውንም ከአንድ ገበታ ይብሉ። ባዶ እጃቸውን ከተመለሱ እርቁ ፈረሰ። በአገሩ ልማድ ነፍጡን የሟች ወገን ያጎርሳል፣ የገዳይ ወገን ይተኩሳል።

እሱ የገዳይ ወንድም ነው። አሁን ድኩላው ከጅረቱ ማዶ፣ አርባ እርምጃ በማይሞላ ርቀት፣ ጎኑን ሰጥቶት ቆሟል፤ ጣቱ ግን ምላጩን ለመሳብ አልታዘዝ አለው። ጠዋት የሟች ወንድም አጥናፉ ነፍጡን በባሩድና በአረር ሊያጎርስ ጀርባውን አዙሮበት ነበር፤ ስንት እንደጨመረ አላየም። ባሩዱ ከልክ ካለፈ ደግሞ ያ አሮጌ ብረት የሚፈነዳው ተኳሹ ፊት ላይ ነው።

«ምነው ፈዘህ ቀረህ?» አለ አጥናፉ ከኋላው በሹክሹክታ። «እንቅልፍ ወሰደህ እንዴ ሰውዬ?»

«ስንት ስፍር ጨመርክበት?»

«እንደ ደንቡ ነዋ! ተኩስ፣ ሊሄድብን ነው።»

ዓይኑን ጨፍኖ ሳበው። ነፍጡ አጓራ። ጭሱ ሲገለጥ ፊቱን ዳበሰ፤ ደህና ነው። ድኩላው ግን ዳገቱን ሽቅብ ይሸመጥጣል።

«ሳትኩት!» አለ።

«አልሳትከውም።» አጥናፉ ጨብጦት የዋለውን እጁን ዘረጋ። አረሩ በላብ ረጥቦ መዳፉ ላይ ነበር። «ወደኔ ታዞረዋለህ ብዬ ፈራሁ።»

እሱ ነፍጡን አቁሞ ባሩድ ሰፍሮ ጨመረ፤ አረሩን ከአጥናፉ መዳፍ አንስቶ በአፈሙዙ ከተተ። ከዚያም ነፍጡን ለአጥናፉ አስረከበና የድኩላውን ዱካ ይዞ ፊት ፊት ሄደ።