የውሃው ድርሻ

አዲሱ ሕግ ከወጣ ወዲህ የሚፋቱ ባልና ሚስት ትዝታቸውንም ይካፈላሉ። ትዝታው ዘይትና ውሃ ካለበት ጠርሙስ ገብቶ ይናጣል፤ ሲረጋ አንዱ ዘይቱን፣ ሌላው ውሃውን ይጠጣል። ያልጠጡት ይረሳል።

ሽማግሌዎቹ ምርጫውን ለወርቅያንሱ ሲሰጧት፣ እልኸኛዋ ሴት ብዛቱን አይታ «ውሃው የእኔ ነው!» አለች። ባሏ ደርቤ ከላይ የተንሳፈፈችውን ስስ ዘይት ጨለጠ። የሞተችው ልጃቸው ትዝታ ግን ከሞላ ጎደል የሟሟው እዚያች ዘይት ውስጥ ነበር።

ቤት ገብታ ዕቃዋን ስትሸክፍ ቀጫጭን ፀጉር የተጠመጠመበት ትንሽ ሚዶ አገኘች። ጣቶቿ ሳታዛቸው ባዶ አየር ላይ ሹሩባ መሥራት ጀመሩ።

«አንተ ደርቤ፣ ይሄ የማን ነው?»

ደርቤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «የጎረቤት ልጅ ረስታው ነው።»

«ታዲያ እዚህ ምን ይሠራል? መልስላቸው እንጂ!» አለች ቆጣ ብላ። «እናቷ ትፈልገው ይሆናል።»