የአልጋ ሰባት ትእዛዝ

ፕሮግራመሩ ቋንቋዋን ለመሥራት ስምንት ወር ፈጀበት። በትልቁ የፕሮግራም ቋንቋ ሆድ ውስጥ የምትኖር ትንሽ ቋንቋ ናት፤ ቃላቷ ከሥር ተራ የኮምፒውተር ትእዛዞች ናቸው፣ ከላይ ግን እንደ ሰው ንግግር ይነበባሉ። የልብ ሕሙማን ክፍል ነርሶች ኮድ ሳይማሩ የማንቂያውን ትእዛዝ ራሳቸው እንዲጽፉ ነበር ሐሳቡ። «አልጋ ሰባት፣ የልብ ምት ከሠላሳ በታች ሲሆን፣ ሐኪም ጥራ» ብሎ መጻፍ ይበቃል። ማሽኑ ይታዘዛል።

ዋና ነርሷ ከመጀመሪያው አልወደደቻትም። ስብሰባ ላይ፣ ሁሉም እየሰማ፣ «ማንም እየተነሣ ሊጽፍባት ነው?» አለችው።

«ማንም እንዲችል ነው የሠራኋት።»

«እሱ ነው የሚያስፈራኝ።»

ሰው ሳቀ። እሱ ቂም ያዘ።

ቋንቋዋ ሥራ ላይ በዋለች በሁለተኛው ወር የፕሮግራመሩ አባት ታመው እዚያው ክፍል፣ አልጋ ሰባት ላይ ተኙ። ጡረታ የወጡ የማተሚያ ቤት አራሚ ናቸው። ልባቸው ሁለቴ ቆሞ ሁለቴ ተመልሰዋል፤ በኋለኛው ደረታቸው ሲጫን ሁለት የጎን አጥንታቸው ተሰብሮ ነበር። ልጃቸው ከሥራ ሲወጣ ይመጣና የአልጋውን ስክሪን ከፍቶ ቃላቱን ያስነብባቸዋል። እርማት አያጡም። «ጥራ» ትሻክራለች አሉ።

«‹ዝም በል›ስ?»

«እሷ ማንቂያው እንዳይጮህ ታደርጋለች፣ አባዬ።»

«ጥሩ ቃል ናት።»

አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ የአባቱ ልብ እንደገና ቆመ። ማንቂያው አልጮኸም። ዋና ነርሷ አንሶላ ይዛ ስታልፍ ከንፈራቸው ጠቁሮ አየች፤ አንሶላውን ጥላ ደረታቸውን መጫን ጀመረች። ተረፉ። ሲነቁ መጋረጃውን ዘግታ አጠገባቸው ግማሽ ሰዓት ቆየች። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል።

ፕሮግራመሩ ትእዛዙን ከፈተ። «ሐኪም ጥራ» የሚለው «ዝም በል» ሆኗል። የተለወጠው በዚያው ዕለት፣ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከዚያው ክፍል ነው። መዝገቡ ማን እንደ ለወጠው አይናገርም፤ ፕሮግራመሩ ያንን እንዲመዘግብ ማድረግ አላሰበበትም ነበር። የተረኞች ዝርዝር ግን ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። በዚያ ሰዓት ተረኛዋ ዋና ነርሷ ነበረች።

ኮሪደሩ ላይ ደረሰባት። ለወትሮው «እርስዎ» ነበር የሚላት።

«ሥራዬን ለማዋረድ ብለሽ አባቴን ልትገድዪው?»

«ወንድሜ፣ ድምፅህን ቀንስ። ሕመምተኛ ተኝቷል።»

«አንቺ ነሽ ወይስ አይደለሽም?»

ጀርባዋን ሰጥታው መንገዷን ቀጠለች። ይህ ይበልጥ አነደደው። እየገፈተራት እስኪመስል ድረስ ከኋላዋ እየተከተለ የሆስፒታሉ ዲሬክተር ቢሮ አደረሳት፤ የታተመውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ወረወረው።

ዲሬክተሩ አንብቦ ቀና አለ። «ሲስተር፣ ምን ትያለሽ?»

«የምለው የለኝም።»

«ይኸው!» አለ ፕሮግራመሩ። «አፍ የላትም!»

ሃያ ሁለት ዓመት የሠራችበትን ባጅ ከደረቷ ፈትታ አስቀመጠችና ወጣች።

ፕሮግራመሩ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ወደ አባቱ ወጣ። ነቅተው ጣሪያውን ያያሉ። እጃቸውን ያዘ።

«አስባረርኳት፣ አባዬ። አሁን ደግሞ ፖሊስ ጋ እሄዳለሁ፤ እስር ቤት ሳላስገባት አልተኛም።»

አባቱ እጃቸውን ቀስ ብለው ከእጁ አወጡ።

«ሂድና መልሳት ልጄ» አሉት፤ «ሦስተኛ እንዳይመልሱኝ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ እንዳትነግርህ ያስማልኳትም እኔው።»