ማሽኑ መቁጠር አይችልም

መሐንዲሱ ከቤቱ የወጣው ማሽኑ እንዲሳሳት እየተመኘ ነው። ይህንንም ከሚስቱ አልደበቀም። ማሽኑ በመሐንዲሶቹ ፈንታ መብራቱን የሚቆጣጠርበት የሦስት ወር ሙከራ ዛሬ ያልቃል። ማሽኑ ካለፈ፣ በኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ጣቢያው መቆጣጠሪያ ክፍል የሚሠሩት አሥራ ሁለት መሐንዲሶች በሙሉ "በምስጋና" ይሸኛሉ። ሃያ ስምንት ዓመት መብራት ሲያጠፋና ሲያበራ የኖረ ሰው፣ በሃምሳ አራት ዓመቱ ምን ብሎ ሥራ ይለምናል?

ፈተናው ሲያዩት ቀላል ነው። ወደ ሆስፒታሉ የሚሄደው መስመር ጠዋት ለጥገና ይጠፋል። ሠራተኞች ከመሬት በታች ወዳለው የኬብል ዋሻ ይገባሉ። ስድስት ሰዓት ላይ ማሽኑ ማንም ሳያግዘው መብራቱን ይለቃል።

ከማሽኑ በፊት የነበረ አንድ ደንብ አለ። ወደ ዋሻው ወይም ግቢው ውስጥ ወዳሉት ትራንስፎርመሮች የሚወጣ ሰው ሁሉ፣ ቁጥር የተቀረጸበትን የናስ ታርጋውን መቆጣጠሪያ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ባለው ሰሌዳ ይሰቅላል። ሲመለስ ራሱ ያወርዳል። አንድ ታርጋ እንኳ ተሰቅሎ እያለ መብራት አይለቀቅም። የሌላ ሰው ታርጋ ያወረደ ደግሞ በዚያው ቀን ከሥራ ይባረራል።

የጣቢያው በር ላይ ታናሽ ወንድሙ እያለከለከ ደረሰበት። ታናሹ በዚያው ጣቢያ የኬብል ቴክኒሻን ነው፤ ሙያውን ያስያዘውም መሐንዲሱ ነው። እንደ ልማዱ አርፍዷል፣ እንደ ልማዱም አንድ ነገር ረስቷል።

"ጋሼ፣ ታርጋዬን ቤት ትቼው መጣሁ" አለ። "የቀረችኝ አንዲት የኬብል ማያያዣ ናት፣ ዋሻው ጫፍ ላይ። ፎርማኑ ሌሎቹን አስገብቷል፤ ታርጋ እንደሌለኝ ከሰማ ይመልሰኛል።"

"አንተ ሰው፣ መቼ ነው የምታድገው?" መሐንዲሱ ይህን እያለ አሥራ አራት ቁጥር ታርጋውን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠው። ቶሎ እንዲጨርስም አስጠነቀቀው። ታናሹ አምስት ተኩል ላይ ሴት ልጁን ከትምህርት ቤት የሚያወጣት እሱ ስለሆነ ከዚያ በፊት እንደሚጨርስ ነግሮት፣ ታርጋውን ሊሰቅል ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወጣ።

የመቆጣጠሪያ ክፍሉ ዛሬ ጠባብ ሆኗል። ዳይሬክተሩ ከረባት አስሮ መጥቷል። ማሽኑን ያመጣችው ባለሙያም ላፕቶፗን ከፍታ ተቀምጣለች። ማሽኑ በዋሻው በር ላይ በተተከለው ካሜራ የገባውንና የወጣውን ይቆጥራል አለቻቸው። መሐንዲሱ ባለፈው ሳምንት አንድ ውሻ ከሰው ቆጥሮ እንደነበር አስታወሳት። መሐንዲሶቹ ሳቁ፣ እሷ ግን አልሳቀችም። ስህተቱ ታርሟል አለች።

መሐንዲሱ ረፋዱን ግቢ ወርዶ ትራንስፎርመሮቹን አንድ በአንድ ሲያይ ቆየ። አንዱም እክል የለበትም፤ ይህም አናደደው። አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ ተመልሶ እንደ ሁልጊዜው እጁን ታጠበ፣ ታርጋውን ከሰሌዳው አውርዶ ኪሱ ከተተ፣ ወንበሩን ስቦ ሰዓቱን እያየ ተቀመጠ።

ስድስት ሰዓት ሆነ። መብራቱ አልተለቀቀም።

ስክሪኑ ላይ አንድ መስመር ጽሑፍ መጣ፦ "ዋሻው ውስጥ አንድ ሰው አለ።"

ዳይሬክተሩ ወደ ሰሌዳው ዞረ። ሰሌዳው ባዶ ነው። ፎርማኑ በራዲዮ ተጠየቀ። ጠዋት ያስገባቸው ስድስቱም ልጆች ወጥተው አጠገቡ ምሳ እየበሉ እንደሆነ፣ ሁለቴ እንደቆጠራቸው ተናገረ።

"ሰባት ገብተው ስድስት ወጡ ነው የሚለው" አለች ባለሙያዋ። ድምፅዋ ቀንሷል። "አንድ ሰው ወርዶ ቢያይ አይሻልም?"

ዋሻውን ዳር እስከ ዳር ለማየት አርባ ደቂቃ ይፈጃል። ስልኩ ያን ጊዜ ጮኸ። ሆስፒታሉ ነው። ጀነሬተሩ እየቆራረጠ ነው፣ ቀዶ ጥገና ላይ ያለ ሕመምተኛ አለ፣ ከሩብ ሰዓት በላይ አንቆይም አሉ። ዳይሬክተሩ ከረባቱን አላላ።

መሐንዲሱ አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። ደስታው ፊቱ ላይ እንዳይታይበት ጥርሱን ነክሶ ተነሳ።

"ዛሬም ውሻ ቆጥሮ ይሆናል" አለ። "እኔ የማምነው ሰሌዳውን ነው። በዚህ ሰሌዳ ሃያ ስምንት ዓመት ሠርቼ አንድ ሰው አልሞተብኝም።"

ማሽኑ ያንኑ መስመር ደገመው። ባለሙያዋ ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ዳይሬክተሩ በእጁ አስቆማት።

"ማሽኑን አጥፉት" አለ። "ኢንጂነር፣ በእጅህ ልቀቀው።"

መሐንዲሱ እጀታውን ጨብጦ አዞረው። የመለኪያው መርፌ አንዴ ዘለል ብሎ ረጋ። ከሆስፒታሉ ተደውሎ መብራቱ እንደመጣላቸው ተነገረ፤ ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። ዳይሬክተሩ የመሐንዲሱን እጅ በሁለት እጁ ይዞ፣ እሱ እያለ ከዚህ ክፍል አንድም መሐንዲስ እንደማይነካ በሰው ሁሉ ፊት ቃል ገባ። ባለሙያዋ ላፕቶፗን ከደነች። ባልደረቦቹ እየተቀባበሉ አቀፉት፤ አንዱማ አለቀሰ። መሐንዲሱም ዐይኑ እንባ አቀረረ፣ አላፈረበትም።

ኪሱ ውስጥ ስልኩ ሲጮህ ሚስቱ መስላው እየሳቀ መዘዘው። አሥራ አራት ቁጥር ታርጋው አብሮ ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ።

"የልጅቷ አጎት ነዎት?" አለ የትምህርት ቤቱ ጥበቃ። "አባቷ ሊወስዳት አልመጣም፣ ስልኩም አይነሳም፤ እስካሁን በር ላይ ቁጭ ብላ እየጠበቀችው ነው።"