ድስቱ የሚወጣው ለለቅሶ ነው

«ሬሳው የታለ?» ይላሉ የቅሬው ዳኛ ሼህ አብዱልጀሊል። «ለቅሶ ሳይኖር የቅሬ ድስት አይወጣም። አባትሽ አራጌም ይህን ያውቅ ነበር።»

ሐረግ በካኪ ሱሪዋ ላይ የተረጨውን ጭቃ በጥፍሯ ትፍቃለች። የሰፈሩ ሰው፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ሟቹን አንድ ላይ የሚቀብርበት ቅሬ ዛሬ በእሷ ጥሪ ተሰብስቧል። ከሜዳው ግርጌ፣ ባሕር ዛፉ ሥር፣ ረሃቡ ከቆላ ያወጣቸው ሰዎች ተኮልኩለዋል። ትናንት ከደሴ የመጣ መኪና ስንዴ አራግፎላቸው ሄዷል። ጥሬውን የቆረጠሙት ልጆች ሆዳቸውን ይዘው ሲያለቅሱ አድረዋል።

ስንዴው መቀቀል አለበት። የቤት ድስት ደግሞ ለዚህ ሁሉ ሰው አይሆንም። ለሁለት የሚሸከሟቸው ድስቶች ያሉት በቅሬው መጋዘን ውስጥ ብቻ ነው፤ ተደፍተው፣ የሚሞት ሰው እየጠበቁ።

«እስኪሞቱ ነው የምንጠብቀው?» ትላለች።

«የሞቱባቸውንማ ቀብረናል። ሳይከፈን ያደረ የለም። ድስቱ ግን ለአባል ለቅሶ ነው። ያለ ለቅሶ ከወጣ ለቅሶ ይጠራል ይላል ሰዉ፤ እኔ ብፈቅድ እንኳ የሚነካው አላገኝም።»

ከአዲስ አበባ አብሯት የዘመተው መለሰ ዲጅኖውን ከትከሻው ያወርዳል። «ምን ያከራክርሻል? በአብዮቱ ስም ቁልፉን እንስበረው!»

«ስበሩት» ይላሉ ሼሁ፣ ድምፃቸው ከፍም ዝቅም ሳይል። «ከዚያ ውኃውን ማን ይቀዳል? እንጨቱን ማን ይፈልጣል? እናንተ ሁለታችሁ?»

«እሳት ማንደድ ዩኒቨርሲቲ አስተምረዋቸው ይሆናል!» ይላል ከኋላ ፈንታው የሚባል ነጋዴ፤ ሜዳው በሳቅ ይሞላል።

ሐረግ አትስቅም። መለሰ ትክክል ይመስላታል። ሼሁም ትክክል ይመስሏታል። ወደ ተወለደችበት ሰፈር ከተመለሰች ጀምሮ እንዲህ ነው፤ አንዱን ይዛ ሌላውን መጣል አቅቷታል።

መጋዘኑ በር ላይ የተቀመጡት እትዬ በለጡ፣ ቁልፉን በመቀነታቸው ጫፍ እንደቋጠሩ፣ ለማንም ሳይሆን ለሁሉም ይናገራሉ። «የገዛ አባቷን ያላለቀሰች፣ ለባዳ ድስት ትለምናለች!»

ሳቁ ይቆማል። ነገሩን የማያውቅ የለም። አራጌ የሞተው ልጁ ትምህርት ላይ ሳለች ነው፤ እሷ ሳትሰማ እነዚህ ሰዎች ተሸክመው ቀብረውታል። ባለፈው ወር ስትመጣ ሊያስተዛዝኗት ቢሄዱ በሩ ላይ ቆማ «ያለቀ ነገር ነው፤ ሥራ አለብኝ» ብላ መልሳቸዋለች።

ሐረግ እትዬ በለጡን ለአፍታ ታያቸውና ወደ ሼሁ ትዞራለች።

«ሼህዬ፣ ከሩቅ የመጣ ልጅ ለቅሶ ይቀመጣል አይደል?»

«ይቀመጣል።»

«ሰው ይደርሰዋል?»

«ይደርሰዋል።»

«ንፍሮስ ይቀቀላል?»

ሼሁ ጺማቸውን ይይዛሉ። ዓይናቸው ወደ ባሕር ዛፉ ወርዶ ይመለሳል። «ይቀቀላል» ይላሉ በመጨረሻ። «በቅሬው ድስት።»

«የእኔ ለቅሶ ቀርቷል።»

«ያስቀረሽው አንቺ።»

«እንግዲያው ዛሬ እቀመጣለሁ።»

መለሰ ጆሮዋ ሥር ጎንበስ ይላል። «ይኼ እኮ ቲያትር ነው።»

«ይሁን። አንተ ዲጅኖህን አስቀምጥና ውኃ ቅዳ።»

መጋዘኑ በር አጠገብ ባዶ መሬት ላይ ትቀመጣለች። እትዬ በለጡ እያቃሰቱ ይነሱና አጠገቧ ይደርሳሉ።

«በቆብ አይለቀስም፣ አንቺ ልጅ!»

ቆቧን ከራሷ ላይ ያነሱና የራሳቸውን ነጠላ ዘቅዝቀው ያለብሷታል። ከዚያ መቀነታቸውን ይፈታሉ።

ድስቶቹ እየተንኳኩ ይወጣሉ። ማንም ሳያዝ ሴቶቹ እንስራ ይዘው ወደ ምንጩ ይወርዳሉ፤ ፈንታው ጋቢውን ጥሎ እንጨት ይፈልጣል። ሼሁ ድንጋይ ላይ ይወጡና፣ ሰው ሲሞት በሚጣሩበት ድምፅ፣ ፊታቸውን ወደ ባሕር ዛፉ አዙረው ይጣራሉ።

«የአራጌ ልጅ ለቅሶ ተቀምጣለች! ያልደረሰ ይድረስ! እንግዳም ቢሆን!»

ስንዴው ሲፈላ የቆላ ሰዎች እየተደጋገፉ ይመጣሉ። ከፊት ያሉት ረጅም ሽማግሌ፣ ባዶ ቅል ይዘው፣ በድስቶቹ አጠገብ ያልፋሉ። ሐረግ ዓይናቸው የማያይ ይመስላታል። ሽማግሌው ግን እሷ ጋ ሲደርሱ ቅሉን መሬት ያስቀምጣሉ።

«ማን ሞቶብሽ ነው፣ ልጄ?»

«አባቴ።»

«ስማቸው?»

«አራጌ።»

«አላህ ይዘንላቸው» ብለው አጠገቧ ቁጭ ይላሉ። ሕፃን ያዘለች ሴት ጣሳዋን ከቅሉ ጎን ታስቀምጥና ትቀመጣለች። ከኋላዋ ያለውም እንዲሁ።

«ኧረ ብሉ እንጂ!» ይላሉ እትዬ በለጡ ጭልፋቸውን ይዘው።

«ልጆቹን አብሉልን» ይላሉ ሽማግሌው ዘወር ሳይሉ። «እኛ ለቅሶ መጥተን የለ?»

«አባባ» ትላለች ሐረግ፤ ለሽማግሌው አይደለም። ነጠላውን ወደ ፊቷ ትስበዋለች። እግሯ ሥር ቅሉ፣ ጣሳው፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ፣ አፋቸውን ወደ ሰማይ እንደከፈቱ ለቅሶው እስኪያልቅ ይጠብቃሉ።