ሳሙናው ሳይደርቅ

ልጆቼ፣ እልህ ክፉ ነው። የጋዝ ምድጃችን መሽተት ጀመረና፣ ቀጥሎ ባለው ክፍል የተኛችውን የልጅ ልጃችንን እንዳይጎዳት መስኮቱን ከፍቼ ቱቦው ከምድጃው ጋር የሚገናኝበትን መጋጠሚያ የሳሙና ውሃ ቀባሁት። አረፋ አበጠ። በመፍቻ አጠበቅሁት፤ ያው ነው። ቱቦውን ቀየርኩ፤ ያው!

“ሽማግሌው፣ አረፋ አሸነፈህ?” አለች ባለቤቴ።

ብሽቅ ብዬ ሲሊንደሩን ነቀልኩና ግቢ አወጣሁት። “እስቲ አሁን ንፋ!” አልኩት።

ስመለስ፣ ጋዝ በሌለበት፣ አረፋው እዚያው መጋጠሚያ ላይ ያብጣል፣ ይሟሽሻል፤ ያብጣል፣ ይሟሽሻል። በንዴት ልጠርገው ጨርቅ ሳነሳ ባለቤቴ እጄን ለቀም አደረገችው።

“ተው! ስማ እስቲ።”

ከወዲያ ክፍል የልጅቷ ትንፋሽ ይሰማል። አረፋው ሲያብጥ ትስባለች፣ ሲሟሽሽ ታወጣለች።

ሳሙናው መድረቅ ጀምሮ ነበር።