ባለ ጎፈሬው

ሻጯ ለደንበኛዋ የወንዶች የፀጉር ቅባት የመስታወት ባንኮኒው ላይ ደረደረችለት። «ጄሉ ለአጭር ፀጉር ነው። ይሄ ክሬም ለደረቅና ለከርዳዳ፣ ይሄ ቀለል ያለው ደግሞ ለስስ ፀጉር ይሆናል። የእርስዎ ምን ዓይነት ነው ጋሼ?» ሰውየው ባርኔጣውን አወለቀ። አናቱ ላይ ለምልክት እንኳ አንዲት ፀጉር አልነበረችም። ልጅቷ ሳቋ አመለጣት፤ እሱም አብሯት ሳቀ።

ሳቁ ሲበርድ ግን አልሄደም። ክዳኖቹን እየከፈተ ማሽተት ጀመረ። ክሬሙ ላይ ሲደርስ ዓይኑን ጨፍኖ ቆየ። «ይሄ ነው፤ ከጉርምስናዬ ጀምሮ የምቀባው።»

«አሁን ምን ያደርግልዎታል?» አለች፣ ገርሟት።

«እናቴ ዓይኗም ጆሮዋም ደክሟል። ስገባ የምታውቀኝ በዚህ ጠረን ነው። ትናንት አልቆብኝ እንዲሁ ብሄድ፣ እጄን ይዛ ‹ማን ልበል?› አለችኝ።»

ልጅቷ ክሬሙን ወደ እሱ አስጠጋች። «መመለጥዎንስ እናትዎ ያውቃሉ?»

«ኧረ አልነገርኳትም! እሷ ዘንድ ገና ባለ ጎፈሬ ነኝ።»

ከፍሎ ሲያበቃ ከክሬሙ ቆንጠር አድርጎ አናቱን አሸ። ከዚያም ጎፈሬው እንዳይተኛበት እንደሚሳሳ ጎረምሳ፣ ባርኔጣውን በቀስታ አጠለቀ።